ያውቁ ኖሯል? የፒያሳ ፀሐይ ሳታሞቅ ታቃጥላለች

ያውቁ ኖሯል? በጥር ወር ሹራብ ደርቦ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ካለ እኩለ ቀን ላይ ፊቱን የሚመታው አልትራቫዮሌት ጨረር ዳሎል ላይ ላብ አጥምቆት ከሚውል ጨው ቆራጭ ይበልጣል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር፤ በዓለም ላይ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ የሚበልጠው የለም። የአዲስ አበባ አማካይ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በጨረር ግን ተራው ይገለበጣል።

ሙቀት ሌላ፣ አልትራቫዮሌት ሌላ። ቆዳችን የሚነግረን ሙቀቱን ብቻ ነው፤ ሌላውን የምናውቀው ማታ ፊታችንን ሲለበልበን ነው። መሬት ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ የአልትራቫዮሌት ድርሻ ከመቶ 5 ገደማ ቢሆን ነው። የሱቅ ሸራ የምትተረትር፣ ታፔላ የምታደበዝዝ፣ ቆዳ የምታቃጥል ይህችው ጥቂቷ ናት።

ለምን ፒያሳ? ከፍታው ነዋ! አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰማዩን ኦዞን ከመሬት ሆኖ የሚለካበት መሣሪያ የተተከለው 2,443 ሜትር ላይ ነው፤ ፒያሳም ከዚያ ብዙ አትርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ከመቶ 10 ገደማ ይጨምራል። እዚህ ስንቆም ከከባቢ አየሩ ሩብ ያህሉ ከእግራችን በታች ቀርቷል። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባቄላ አልበስል ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የባቄላው አይደለም።

ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጡ 3,000 ሜትርን ያልፋሉ። ብርዱም ይብሳል፣ ጨረሩም ይበረታል።

ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ አንድ ጊዜ፣ ወደ ደቡብ ስትመለስ ደግሞ አንድ ጊዜ በላያችን ታልፋለች። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በነዚያ ቀናት በቀትር ጥላው ከመቆሚያው ፈቀቅ አይልም። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት ደግሞ ፀሐይ በስተ ሰሜናችን ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። አውሮፓ ውስጥ የሚኖር ወገን ይህን አገሩ ካልመጣ አያይም።

ይህ ለእግረኛ ጥቅም አለው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚመጣው መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ አጋማሽ 10 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ በቀትር ወደ ሰሜን 6 ሜትር ከምናምን ጥላ ይጥላል፤ ስለዚህ ወደ ፒያሳ ሲመጡ በግራ በኩል፣ ግድግዳውን ታክከው ይሂዱ። በሰኔ ያው ሕንፃ ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ 2 ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥላው በቀኝ በኩል ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ በግራም በቀኝም ምንም የለም። ቸርችል ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርድ ነገሩ ሌላ ነው፦ ጠዋት የምሥራቁ፣ ከሰዓት የምዕራቡ ወገን ሕንፃ ያስጠልላል፤ ቀትር ላይ ግን ማንም ለማንም አያስጠልልም።

ቀትር ስንት ሰዓት ነው? ስድስት ሰዓት ብለው ከሆነ አልገጠመም። የእጅ ሰዓታችን የተቃኘው በሱማሌ ክልል በኩል ለሚያልፈው 45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ስለሆነ ፀሐይ አዲስ አበባ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። አናታችን ላይ በምትቆምባቸው ሁለቱ ቀናት እውነተኛው ቀትር 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከ9 ይቀርባል፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ እስከ 6 ሰዓት ከ39 ይጎትታል።

ያለ ምንም መሣሪያ ጨረሩን መለካት ይቻላል። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ አልትራቫዮሌቱ ጠንክሯል ማለት ነው። ቀደምት ካህናት የጾም መፍቻ ሰዓትን ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ይቆጥሩ ነበር፤ ያው ዘዴ ለዚህም ያገለግላል። አዲስ አበባ ላይ በሚያዝያ ጥላ ከባለቤቱ አጥሮ የሚቆየው ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በታኅሣሥ እንኳ ከ4 ሰዓት ከሩብ እስከ 8 ሰዓት ተኩል ድረስ አራት ሰዓት ያልፋል።

ምኒልክ ያስገቡት ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ከተማዋን ታድጓል፤ ለጥላ ግን አይሆንም። ያደገ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ቁልቁል ስለሚንጠለጠል ለቀትር ፀሐይ የሚያሳየው ጠርዙን ነው። ራሱን ከፀሐይ ያድናል፣ ሥሩ የተቀመጠውን ግን አያድንም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይራና ጽድ ይሻላል።

አልትራቫዮሌትን መጀመሪያ ያጋለጠው ብር ነው፤ የወርቅ ቤቱ ብር ማለቴ ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር እ.ኤ.አ. በ1801 በፀሐይ ሲጠቁር የሚታወቀውን የብር ክሎራይድ በቀስተ ደመናው ቀለማት ላይ በየተራ አኖረ። ከሁሉ ይበልጥ የጠቆረው ከሐምራዊው ባሻገር፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ ነበር። ፎቶግራፍ የቆመው በዚሁ የብር ጨው ባሕርይ ላይ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ የነበሩት አርመናውያኑ ቦያጂያኖችም ሆኑ ከነሱ በኋላ የመጡት የፒያሳ ፎቶ ቤቶች በጨለማ ክፍላቸው ቀይ አምፖል ያበሩ የነበረው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ቀይ ብርሃን አይሰማውም፤ ወደ ሐምራዊውና ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ወዲያው ያበላሸዋል።

አልትራቫዮሌት ሦስት ወንድማማች ነው። ሲ የሚባለው ገዳይ ነው፤ ነገር ግን ኦክስጅንና ኦዞን ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀር አንድም ወደኛ አይደርስም። ቢ አብዛኛው ይቀራል፤ ቆዳ የሚያቃጥለውም፣ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውም ሾልኮ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ኤ ብዙም ሳይነካ ይደርሳል፣ ቆዳ ያስረጃል።

የኦዞን ነገር ደግሞ አስገራሚ ነው። ጋሻውን የሚሠራው ራሱ ጠላቱ ነው፦ ከፍተኛ ኃይል ያለው አልትራቫዮሌት የኦክስጅን ሞለኪውልን ይሰብራል፣ የተሰበረው አቶም ከሌላ ኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ኦዞን ይሆናል፣ ኦዞኑ ደግሞ ተከታዩን ጨረር ይውጣል። ንብርብሩ የሚገኘው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተበትኖ ነው። ሁሉም ተሰብስቦ በባሕር ወለል ግፊት ቢታመቅ በዓለም አማካይ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወጣዋል። በኛ አካባቢ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ ከክብሪት እንጨት ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ኦዞን በብዛት የሚመረተው በምድር ወገብ ሰማይ ሆኖ ሳለ ላይ ላዩን የሚነፍሰው ቀርፋፋ የአየር ዝውውር ወደ ዋልታዎቹ ይወስደዋል። የሚመረተው እኛ ጋ፣ የሚከማቸው እነሱ ጋ!

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ ካርልስሩኸ ተቋም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከለው ቀደም ብዬ የጠቀስሁት መሣሪያ ይህን ከመሬት ይከታተላል። የሚሠራው ፀሐይን ቀጥታ እያየ ነው። እያንዳንዱ ጋዝ ከፀሐይ ብርሃን የራሱን ቁራሽ ስለሚያስቀር፣ ከጎደለው ተነሥቶ ማን ምን ያህል እንደወሰደ ያሰላል። በምድር ወገብ አካባቢ እንዲህ ያለ ጣቢያ ብርቅ ነው፤ ሳተላይቶች የሚለኩት ትክክል መሆኑ የሚፈተሸውም በዚህ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኦዞን አልትራቫዮሌትን ይከላከላል፣ የምድር መግነጢስ ግን ፈጽሞ አይነካውም። ብርሃን የኤሌክትሪክ ሙል የለውምና መግነጢስ አይመልሰውም። መግነጢሱ የሚመልሰው ከፀሐይ በየጊዜው የሚተፋውን ሙል ያለው ቅንጣት ነው። በዚህኛው ጋሻ ደግሞ አዲስ አበባ ዕድለኛ ናት። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መስመር በአጠገቧ ያልፋል፤ የኃይሉ መስመሮች እዚህ ከመሬት ጋር ትይዩ ተጋድመው ስለሚያልፉ ከላይ የሚመጣ ቅንጣት እነሱን አቋርጦ መውረድ አለበት፣ ያ ደግሞ ከባድ ነው። በዋልታዎቹ በኩል መስመሮቹ ወደ መሬት ስለሚገቡ ቅንጣቶቹ ተከትለዋቸው ይወርዳሉ፤ ሰማዩን በአረንጓዴና በቀይ የሚያበራው የሰሜን ብርሃንም የዚያ ውጤት ነው። እንጦጦ ላይ ሆነው ያንን ብርሃን ቢጠብቁ ነግቶ ይመሻል እንጂ አይመጣም።

የዚህ ማስረጃ አራት ኪሎ፣ እዚሁ አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ አባ ፒየር ጉዊን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ሰዎች በኋላ የሚያስታውሷቸው በመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ነው፤ ኦብዘርቫቶሪው ግን ከመነሻው መግነጢስንም ይለካ ነበር። ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ እንድትችል ሆና የተንጠለጠለች የኮምፓስ መርፌ ስዊድን ውስጥ አፍንጫዋን ወደ መሬት ትደፋለች፣ አራት ኪሎ ላይ ግን ጋደም ብላ ትቀራለች። በየቀኑ እኩለ ቀን ሲቃረብ ደግሞ የመግነጢሱ ንባብ ከፍ ይላል። ምክንያቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ጅረቱ የሚፈስበትን አየር ሙል የሚሰጠው የፀሐይ ጨረር፣ በተለይም እጅግ ብርቱው አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ ነው። እንግዲህ ከኦዞኑ በላይ ሌላ ወታደር አለ ማለት ነው፤ ብርቱው ጨረር እዚያው ላይ ይቀራል።

ለሬዲዮ አድማጭም ይህ ባዕድ አይደለም። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ሙል ያለው ንብርብር ይጠፋል፣ የላይኛው ይቆያል፤ ቀን ይዋጥ የነበረው ሞገድ ከላይኛው እየነጠረ ሩቅ ይጓዛል። ወላጆቻችን የሩቅ አገር ጣቢያ ፍለጋ መሸት ሲል የሬዲዮኑን ቁልፍ ያዞሩ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

የአልትራቫዮሌት መለኪያ ቁጥር መጀመሪያ ለሕዝብ የተነገረው በካናዳ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992። ከ11 ጀምሮ ያለው «እጅግ ከፍተኛ» ይባላል። አዲስ አበባ ላይ በጠራ ቀን ቀትር ከ11 ማለፍ የተለመደ ነው። ብርዳሙ ካናዳ ለሕዝቡ ሲነግር እኛ ዛሬም ከአየር ትንበያው ጋር አንሰማውም፤ ቢነገረን አይጠላም ነበር።

ደመናን አይመኑ። ስስ ደመና እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ያሳልፋል። የተቆራረጠ ነጭ ደመና ሲሆን ደግሞ ከጠርዙ እያንጸባረቀ ለጥቂት ደቂቃ ከጥርት ሰማይ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። የነሐሴዋ ፀሐይ ከአናታችን በላይ ሆና ከዝናቡ ጀርባ የምትደበቀው ለይምሰል ነው።

«የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን የቱሪዝም መፈክር ያወጡት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። በዚያችው ባለ 13 ወር ፀሐይ አገር ሕፃናት በፀሐይ እጦት አጥንታቸው ይለሰልሳል ቢባል ማን ያምናል? እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣው የአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ጥናት የሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ 500 ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ እንዳለባቸው አገኘ። ለማነጻጸር ከተመረመሩት ሌሎች 500 ውስጥ የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀንሰው ሲሰላም ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 ጊዜ ገደማ ይበልጥ ነበር። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ደረት በደንብ አይነሣም፤ ቫይታሚን ዲ ሲጎድል ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅምም አብሮ ይደክማል።

ምክንያቱ ሰማይ ላይ አልነበረም። «ብርድ ይመታዋል»፣ «የሰው ዓይን ይወጋዋል» እየተባለ ሕፃኑ ተጠቅልሎ ጓዳ ይውላል። ግቢው የጋራ፣ ክፍሉ አንድ፣ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ሲሆን ደግሞ የት ይሞቃል? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት በአዳማ አካባቢ ተማሪዎችን መርምሮ የቫይታሚን ዲ እጥረት በከተማዎቹ ላይ 61.8 በመቶ፣ በገጠሮቹ ላይ 21.2 በመቶ ሆኖ አገኘው። ሁለቱም ሥር የሚኖሩት ያችው ፀሐይ ናት፤ አንዱ ከብት ሲጠብቅ ይውላል፣ ሌላው ቴሌቪዥን ሲያይ።

በመስኮት መስታወት በኩል ልጅ ማሞቅ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። መስታወት ሙቀቱንና ኤን ያሳልፋል፣ ቢን ግን ያስቀራል። በጣም ማለዳ ላይም ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ቢ ዓይነቱ ጥቂት ነው።

ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው ጋሻ አለው፦ በአንድ የታወቀ ጥናት የጥቁር ቆዳ የላይኛው ሽፋን ቁጥር 13 እንዳለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያህል ሲከላከል የነጩ 3 ገደማ ነበር። ይህ አዲስ አበባ ላይ በረከት ነው፤ ሚኒሶታና ስቶክሆልም ላይ ግን ዕዳ ይሆናል። ቦስተን ላይ እንኳ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ፀሐይ ቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ መሥራት እንደማትችል በጥናት ታይቷል። ቆዳቸው ቀለም የማይሠራላቸው አልቢኖ ወገኖቻችን ደግሞ በተቃራኒው ጋሻው ጭራሽ የላቸውም፤ ለነሱ ባርኔጣና ቅባት መድኃኒት እንጂ ጌጥ አይደለም።

ምችስ? ሽንኩርት ሲቁላላ ሸትቶት፣ ወይ ቅባት በልቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው «ምች መታኝ» ይላል፤ ከንፈሩ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ይነፋል፣ ዳማከሴ ታሽቶ ይታዘዝለታል። ሳይንስ ስለ ሽንኩርቱ ሽታ የሚለው የለውም፣ ስለ ፀሐዩ ግን እናቶቻችን አልተሳሳቱም። የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። አልትራቫዮሌት ከንፈር ላይ ሲያርፍ እንደሚቀሰቅሰው በፈቃደኞች ላይ በተደረገ ሙከራ ተረጋግጧል። ገበያ ውለው፣ ወይም ንግደት ሄደው በማግሥቱ ከንፈራቸው የሚያብጥ ሰዎች ልብ ይበሉ።

ጥቁር ዣንጥላ ከ90 በመቶ በላይ ይከላከላል። ጊዮርጊስ ደጃፍ በበጋም በክረምትም ዣንጥላቸውን የማይለዩ እናቶች ከቅባት ሻጩ በላይ ያውቃሉ። ነጠላ ግን ስስ ነው። ወደ ሰማይ ዘርግተው ይዩት፦ ብርሃኑ አልፎ ከታየዎ ጨረሩም ያልፋል። አጥፈው ቢደርቡት ይሻላል፣ ጋቢ ከሆነ ደግሞ ምንም አያሳስብም።

አስፋልት ዳር ካርቶን ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ የፀሐይ መነጽር ጥቁረቱ ዋስትና አይደለም። መከላከያ የሌለው ጥቁር መስታወት የዓይን ብሌንን ያሰፋና ጭራሽ ብዙ ጨረር ያስገባል። መፈተኛው ቀላል ነው። ወርቅ ቤቶችና ገንዘብ ተቀባዮች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት ሐምራዊ መብራት አለች፤ በመነጽሩ በኩል አድርገው ኖቱ ላይ ያብሯት። የኖቱ ፍካት ከጠፋ መነጽሩ ያግዳል፣ ካልጠፋ ገንዘብዎን ኪስዎ ይመልሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሹን ያስከተለው ሞራ ነበር፤ አልትራቫዮሌት ደግሞ ሞራ ከሚያፋጥኑት አንዱ ነው።

በያጆች ከፀሐይ የባሰ አልትራቫዮሌት በእጃቸው ይሠራሉ። በብየዳ ቤት አጠገብ ሲያልፉ ብልጭታውን ቆመው አይዩ። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ መስሎ ይቀሰቅሳል።

ወንዶች ፀጉር ቤት መስኮት ላይ የተለጠፈውን የቁርጥ ዓይነቶች ፖስተር አይተውት ያውቃሉ? የቆየ ከሆነ ሁሉም ሞዴል ሰማያዊ ሆኗል። ቀዩና ቢጫው ቀለም በፀሐይ ቀድመው ይሰበራሉ፣ ሰማያዊው ይተርፋል። ውስጥ ገብተው ማበጠሪያና መላጫ የሚቀመጥበትን ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥን ካዩ ደግሞ ሰማይ ላይ የሚቀረው ሲ ዓይነት ጨረር ለሥራ ተቀጥሮ ነው፤ የጀርሙን ዘር ይሰብራል። መብራቱ ያላየውን ጎን ግን አይነካም፤ የተደራረበ ማበጠሪያ አልጸዳም።

የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርሙስም ውሃ ያክማል። ንጹሕ፣ ያልተቧጨረ፣ ከሁለት ሊትር የማይበልጥ ጠርሙስ ጥርት ባለ ውሃ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ከተጋደመ፣ ኤ ዓይነቱ ጨረርና ሙቀቱ ተጋግዘው ተቅማጥ አምጪዎቹን ይገድላሉ። ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። የደፈረሰ ውሃ ላይ አይሠራም።

ንቦች አልትራቫዮሌትን ያያሉ። ለኛ ወጥ ቢጫ የሚመስሉ ብዙ አበቦች ለነሱ መሐላቸው ሌላ ቀለም ነው።

መሬት ላይ ተለክተው ከታወቁት ሁሉ ከፍተኛው የአልትራቫዮሌት ቁጥር 43.3 ነው፤ በቦሊቪያው ሊካንካቡር እሳተ ገሞራ ጫፍ፣ 5,900 ሜትር ላይ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2003 ተመዘገበ። ከፍታ፣ የምድር ወገብ ቅርበት፣ የሳሳ ኦዞን። ከፍታው ቢለያይም ቅመሙ የኛው ነው።

ስለ ተቀደደው ኦዞን ሲሰሙ የሚደነግጡ ካሉ፣ ቀዳዳው አንታርክቲካ ላይ እንጂ ኢትዮጵያ ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሦስት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች አስታወቁት። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፣ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። ጥፋተኛው የፍሪጅና የሽቶ ጋዝ ነበር፤ መሬት ላይ የማይበሰብስ፣ እላይ ሲደርስ ግን አልትራቫዮሌት ሰብሮት ክሎሪኑን የሚለቅ። የዓለም አገሮች ሁሉ የተስማሙበት ነገር ከዚህ ሌላ ብዙ አይገኝም። በ2022 የወጣው ግምገማ የአንታርክቲካው ቀዳዳ በ2066 ገደማ ይድናል ይላል። በዓለም ደረጃ የሚከበረው የኦዞን ቀን በኛ አቆጣጠር መስከረም 6 ላይ ይውላል፤ እንቁጣጣሽ ሳይረሳ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና የቀለበት ብርሃን ብቻ ስትተው፣ አዲስ አበባ ላይ ግርዶሹ በከፊል ታይቶ ነበር። የዓይን ውስጠኛው መጋረጃ የሕመም ስሜት ስለሌለው በግርዶሽ ቀን ሲቃጠል አያሳውቅም፤ ጥቁር መነጽርም፣ የኤክስሬይ ፊልምም፣ በጥላሸት የጠቆረ ጠርሙስም አይበቃም። የሚበቃው ለዚሁ ተብሎ የተሠራው የግርዶሽ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የበያጅ መስታወት ነው። ቀጣዩ ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ ነው። ሙሉው በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን በኩል ያልፋል፣ እኛ ጋ ከፊሉ ይደርሳል፤ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ክረምቱ ከፈቀደ።